የአባትን ውርስ ከፖስታ ሳጥን መስማት



አስተማሪ ስለሆንኩ የሰፈሩ ሰው የዕብራይስጥ ወረቀት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የመጣው፣ ከኩፓት ሖሊም የመጣው፣ ከዒሪያ የመጣው ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረገፋል። በቅርቡ አንዲት እናት መጡና ከላስቲኩ ውስጥ አንድ ፖስታ ለይተው አወጡ። «ይኸን እንኳ ባትከፍተው ይሻላል፤ የዕዳ ይመስለኛል» አሉኝ። ዶአር ራሹም ነው፤ ፈርመው የሚቀበሉት የአደራ ደብዳቤ። ልጃቸው ከፖስታ ቤት አምጥቶላቸው ሁለት ወር ሳይከፈት ተቀምጧል። ከሆጻአ ላፖዓል የመጣ የዕዳ ማስፈጸሚያ መስሏቸው ፈርተው ነው።

ከፈትኩት። የዕዳ አልነበረም። ያረፉት ወንድማቸው ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ወላጆቻቸውም ቀደም ብለው አርፈዋል። በሕጉ ወራሾቹ እህትና ወንድሞቻቸው ናቸው። ወረቀቱ የሚለው፣ የሟቹ የውርስ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ማመልከቻ ቀርቧል፣ እርስዎም ከወራሾቹ አንዷ ነዎት ነው። እናታችን ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ይኸን ማን ላከው?» አሉኝ። ስሙን አነበብኩላቸው። የላከው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በአንድ ሕንጻ፣ ከእሳቸው ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖር፣ በየሳምንቱ አብሯቸው ቡና የሚጠጣ ወንድማቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱም እኔው ራሴ በገዛ እህቴ ላይ ያደረግሁት ነገር ነው። የእናታችንን ነገር እዚህ የጻፍኩት ራሳቸውን አስፈቅጄ ነው፤ የቤቴንም ነገር የምነግራችሁ የቤቴን ሰዎች አስፈቅጄ ነው።

በአገራችን እንዴት ይነገር ነበር

አባቴ ቄስ ስለነበር በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሌሊት ተጠርቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ታማሚው ሲደክም ቄስ ይጠራል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ታማሚው ይናዘዛል፤ ከማን እንደተበደረ፣ ለማን እንዳበደረ፣ ላሟ ለማን እንደምትሆን፣ ጥጃዋ ለማን እንደምትሆን ይናገራል። እኛ ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቻችን ርስት አልነበረንም፤ የሰው መሬት አርሰን ለባለርስቱ እንከፍል ነበር። የሚወረሰው እንግዲህ ከብቱ፣ የአንጥረኛው ወናፍና መዶሻ፣ የሸማኔው ዕቃ ነው። ሀብቱ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በሚገባው ቋንቋ ይሰማል። ያልሰማ ቢኖር ተዝካሩ ላይ ይሰማል። «እኔ አልተነገረኝም» የሚል ሰው ከተነሳ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ይጠየቃሉ፣ ይመሰክራሉ።

እዚህ አገር ያ ጉባኤ የለም። በፊልም እንደምናየው ጠበቃ ቤተሰቡን ሰብስቦ ኑዛዜ የሚያነብበት ሥርዓትም በሕጉ ውስጥ የለም። ያለው ወረቀት ነው።

እዚህስ መቼ ነው የሚነገረው?

በእስራኤል ውርስ የሚተዳደረው በ1965 በወጣው የውርስ ሕግ ነው። ሟቹ ኑዛዜ ካለው የሚወጣው ወረቀት ጻቭ ኪዩም ጻቫአ ይባላል፤ ኑዛዜው እንዲፈጸም የሚያዝ ማለት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ጻቭ የሩሻ ይባላል፤ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑና ድርሻቸው ስንት እንደሆነ የሚያረጋግጥ ነው። ሁለቱንም የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ራሻም ለዒንያኔ የሩሻ፣ የውርስ ጉዳይ መዝጋቢው ነው። ሁሉም የሚመለከታቸው ሰዎች በጽሑፍ ከተስማሙ ቤት ዲን ራባኒም ሊሰጠው ይችላል። ክርክር ከተነሳ ግን ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እኛ ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ ይኸ ፍርድ ቤት አለን።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው የሚያስበው ማረጋገጫው ከወጣ በኋላ መንግሥት ወራሹን ፈልጎ የሚነግረው ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ማስታወቂያው የሚመጣው ትዕዛዙ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ለወራሾቹ የመላክ ግዴታ ያለበትም አመልካቹ ነው። አብረውት ላልፈረሙት ወራሾች በዶአር ራሹም ይልካል። መዝጋቢውም በአደባባይ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ቢያንስ የ2 ሳምንት ጊዜ ይሰጣል። ኑዛዜ ባለበት ጊዜ ደግሞ ደብዳቤው የሚላከው በኑዛዜው ውስጥ ለተጠቀሱት ነው፤ ስሙ ያልተጠቀሰ ልጅ በፖስታ ምንም ላይደርሰው ይችላል። ትዕዛዙ ከወጣ በኋላ ግን በር እያንኳኳ «አንተ ወራሽ ነህ» የሚል ባለሥልጣን የለም።

ስለዚህ ያቺ «ዶአር ራሹም አለዎት» የምትል ብጣሽ ወረቀት ቀልድ አይደለችም። እናታችን ሁለት ወር ያስቀመጡት ፖስታ የመናገሪያ ጊዜያቸው ነበር። እርግጥ በሩ ጨርሶ አይዘጋም። ሕጉ ያልታየ ነገር ያለው ሰው ትዕዛዙ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሆኖም «አስቀድመህ መናገር ስትችል ለምን ዘገየህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ውድቅ ሊሆንም ይችላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ አባቶቻችን።

እኔ ያጠፋሁት

አባቴ ሲያርፍ ስጉላ ቀበርነው። ዮሴፍታል ባለችው ቤታቸው ሽቭዓ ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደ አገራችን ልማድ «ቄስ የተናዘዙት ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔ «የለም» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። እውነትም ኑዛዜ አልነበረውም። ግን ያን ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ «ኑዛዜ ስለሌለ በሕጉ መሠረት ወረቀት እናስወጣለን፣ ሁላችሁም ወራሽ ናችሁ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። አልተናገርኩም። በሐዘን ቤት የገንዘብ ነገር ማንሳት ነውር መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወረቀቱን ያዝኩ። ዕብራይስጥ የማነበው እኔ፣ ሚስራድ የምሄደው እኔ፣ ስለዚህ ማንንም አላስቸግርም አልኩ። ቅጹ የሟቹን ልጆች በሙሉ ጻፍ ይላል፤ እውነት ስለመሆኑም በቃለ መሐላ ትፈርማለህ። እኛ ከእናቴ የተወለድን አራት ነን። አባቴ ግን ከሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እኛ ስንመጣ እሷ ባላገር ነበረች፤ በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶባት ቀረች። ዛሬ ጎንደር ከተማ ሆና ትጠብቃለች። አንድ የማውቀው ሰው «ተዋት፤ እዚህ አትኖር፣ መታወቂያ የላት፣ ማን ያውቃል? ነገር ታወሳስብብሃለች» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ እርሳሱን ይዤ አሰብኩበት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እንዲህ አለችኝ፦ «አባትህ ሲመርቅ ‹አምስቱ ልጆቼ› እያለ ነበር። አንተ አራት ብለህ ልትጽፍ ነው?»

አምስት ብዬ ጻፍኩ። ሕጉም የሚለው ይኸንኑ ነው። ልጅ በየትኛውም አገር ቢኖር ልጅ ነው። ከማንኛዋም እናት ቢወለድ፣ በጋብቻም ሆነ ያለ ጋብቻ ቢወለድ እኩል ይወርሳል። ወንድና ሴትም አይለይም። አባቴ ኦሪትን ሲያስተምረኝ የሰለጰዓድን አምስት ሴቶች ልጆች ታሪክ ይወድ ነበር፤ ሙሴ ፊት ቆመው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል ያሉትን። እነሱ ወንድም ስላልነበራቸው ነው የተፈረደላቸው። እዚህ አገር ግን ሴት ልጅ ወንድም ኖራትም አልኖራትም ድርሻዋ እኩል ነው። ከሟቹ በፊት የሞተ ልጅ ካለም ልጆቹ በእሱ ቦታ ይወርሳሉ። ልጅን ደብቆ በቃለ መሐላ መፈረም በሐሰት መማል ነው፤ የወጣውም ትዕዛዝ አንድ ቀን ይፈርሳል።

በዚያ ላይ ግን ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ለሁሉም ማስታወቂያ በዶአር ራሹም ላክሁና ለማንም ስልክ አልደወልኩም። ታናሽ እህቴ ሬሖቮት ትኖራለች። ከሥራ ስትመለስ ብጣሿን ወረቀት ከፖስታ ሳጥኗ አገኘች፣ ፖስታ ቤት ሄደች፣ ተሰልፋ ፈረመች፣ እዚያው ቆማ ከፈተችው። ወንድሟ ስለ አባቷ ውርስ ማመልከቻ አስገብቷል ይላል። ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ምን ብትደብቀኝ ነው በመንግሥት ወረቀት የምትነግረኝ?» አለችኝ። ምንም የደበቅሁት ነገር አልነበረም፤ የሷም ድርሻ በትክክል ተጽፏል። ይኸን ብነግራትም አልሰማችኝም። ልክ ነበረች። እስከ ሲግድ ድረስ አላነጋገረችኝም። የታረቅነው ሲግድ ዕለት ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወርደን ዳቦ ስንቆርስ እናቴ መሐላችን ተቀምጣ።

ጎንደር ላለችው እህታችን ግን ደውዬ ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው ስህተቴ ተምሬ። ይኸን ያህል ገንዘብ ነው፣ እንዲህ ይከፈላል እያልኩ ሳስረዳት አቋረጠችኝ። «ገንዘቡ ይቆይ። ስሜን ከነሱ ጋር ጻፍኸው ወይ?» አለች። «ጽፌዋለሁ እትዬ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት።

ለማን ስንት?

በምሳሌ ላስረዳ፤ ምሳሌው የእኛው ቤት ነው። ቤቷ በማሽካንታ የተገዛች፣ በአባቴና በእናቴ ስም እኩል የተመዘገበች ናት። ስለዚህ ግማሿ ከመጀመሪያውም የእናቴ ናት፤ ውርስ የሚባለው የአባቴ ግማሽ ብቻ ነው። ልጆች ባሉበት ጊዜ ሚስት ወይም ባል ከውርሱ ግማሹን ይወስዳሉ፤ የቤት ዕቃውና የቤተሰቡ መኪናም የነሱ ነው። የቀረው ግማሽ ለልጆች እኩል ይካፈላል። ሲሰላ፣ ከሙሉዋ ቤት ሦስት አራተኛው የእናቴ ሆነ፤ አንድ አራተኛው ለአምስት ልጆች፣ ለእያንዳንዳችን ከሃያ አንድ እጅ።

ይኸን ስነግራቸው የሚገረሙ ሽማግሌዎች አሉ። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ከጋራ ንብረቱ ግማሿን ትወስዳለች እንጂ ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አትባልም። እዚህ ግን ወራሽ ናት። ስለዚህ «እናታችን ምን አላት?» የሚል ልጅ ካለ መልሱ ይኸ ነው።

እኛ አራቱ ድርሻችንን ለእናታችን ለቀቅንላት። ይኸ ሂስታልኩት ይባላል። ሕጉ የሚፈቅደው ለሟቹ ሚስት ወይም ባል፣ ለሟቹ ልጅ፣ ለሟቹ ወንድም ወይም እህት ብቻ ነው፤ የሚደረገውም ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ነው። የለቀቀ ሰው ከመጀመሪያውም ወራሽ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ እባካችሁ «እዚህ ላይ ፈርም» ስትባሉ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ታላቅ ወንድም ቢሆንም፣ አስተማሪ ቢሆንም፣ እኔም ብሆን። ጎንደር ያለችው እህታችን ድርሻዋን አልለቀቀችም። መብቷ ነው፤ ማንም አልተቀየማትም። ዛሬ ከሃያ አሥራ ዘጠኙ የእናቴ፣ አንዱ የእሷ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸው

ትዕዛዙ ንብረቱን ይዘረዝራል ወይ? አይዘረዝርም። ጻቭ የሩሻ የሚናገረው ስምና ድርሻ ብቻ ነው። ምን ንብረት እንዳለ ወራሹ ራሱ ትዕዛዙን ይዞ ባንኩን፣ ታቡን መጠየቅ አለበት። «ወረቀቱ ወጥቷል» ሲሏችሁ ሥራው ገና ነው።

ሁሉም ነገር በውርስ ያልፋል ወይ? አያልፍም። የጡረታ ገንዘብ፣ ኩፓት ጌሜልና የሕይወት ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከፈሉት ሟቹ ተጠቃሚ ብሎ ስሙን ላስመዘገበው ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በወጣትነቱ የእናቱን ስም የሞላ ሰው ዛሬ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ቅጹን ግን አላሳደሰም። ዛሬውኑ ጠይቁ። ሟቹ የረሳው የቁጠባ ገንዘብ ካለ ሃር ሃኬሴፍ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በመታወቂያ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል። የዓሚዳር ቤት ደግሞ የተከራይ ቤት ነው፤ እንደ ገዛ ንብረት አይወረስም። አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ በቤቱ የመቀጠል መብት እንዳለው ለብቻው ይታያል።

የውርስ ግብር አለ ወይ? የለም። ከ1981 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ «ግብር እንዳይመጣብን» ብሎ የአባትን ስም በታቡ ላይ ለዓመታት መተው ጥቅም የለውም። ማመልከቻ ለማስገባት የመጨረሻ ቀን የተቀመጠለት አይደለም፤ ሰውም የሚዘናጋው ለዚህ ነው። ግን በመካከሉ አንድ ወራሽ ቢሞት የሱ ወራሾች ይገባሉ፤ አምስት የነበረው ፊርማ አሥራ አምስት ይሆናል።

ስማችን አይመሳሰልም፣ ምን እናድርግ? ይኸ የእኛ የብቻችን ጣጣ ነው። ስንመጣ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተጻፈ፤ አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ፣ ሦስተኛው በዕብራይስጥ ስም ይጠራል። የልደት ቀናችንም በግምት የተሞላ ነው። ዘመድነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ሁሉ አስቀምጡ፤ የአባታችሁን ልጆች ስም ከነአድራሻቸው አሁኑኑ በአንድ ወረቀት ጻፉ።

በቃል የተነገረ ኑዛዜስ?

አባቶቻችን የለመዱት በአፍ መናዘዝን ነው። ደስ የሚለው፣ የእስራኤል ሕግ ይኸንን ያውቀዋል። ሊሞት የተቃረበ ወይም በሁኔታው ምክንያት ሞት ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ቋንቋውን በሚሰሙ ሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ መናዘዝ ይችላል። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በቋረኛም ቢሆን። ነገር ግን ምስክሮቹ የተናገረውን፣ ቀኑንና ሁኔታውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በተቻለ ፍጥነት ለውርስ መዝጋቢው ማስገባት አለባቸው። ታማሚው ከዳነ፣ ያ ሁኔታ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ኑዛዜው ይፈርሳል። ተናግሮልን ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

በጤና ሳለ የሚናዘዝ ሰው ፊደል ካወቀ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀኑንም በእጁ ጽፎ መፈረም ይችላል። ካላወቀ በሁለት ምስክሮች ፊት፣ ወይም በዳኛ፣ በመዝጋቢው፣ በኖተሪ ፊት ያድርግ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኑዛዜውን ያዘጋጀ ወይም ምስክር የሆነ፣ ወይም በሌላ መንገድ በሥራው እጁን ያስገባ ሰው በዚያ ኑዛዜ የተሰጠው ነገር ይፈርሳል፤ ለሚስቱ ወይም ለባሏ የተሰጠውም እንዲሁ። በእኛ ቤት አባትን ወደ ጠበቃ የሚወስደው፣ የሚያስተረጉመው፣ የሚጨርሰው አንድ ልጅ ነው። አባት ለዚያ ልጅ ቤቱን ቢሰጥ፣ ሌሎቹ «አንተው አስጻፍኸው» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ይሁን፤ ተጠቃሚው ልጅ ከክፍሉ ይውጣ። በእጃችሁ የሟች ኑዛዜ ካለ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። ሞቱን እንደሰማችሁ ለመዝጋቢው የማስረከብ ግዴታ አለባችሁ።

ይኸን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ነገር ነው። ሕጉ ማስታወቂያ ላክ ይላል፤ ንገር ግን አይልም። መንገር የእኛ ፋንታ ነው። ሽቭዓው ሳይበተን፣ ባይሆን በሠላሳው ቀን፣ ታላቁ ሰው ይነሳና ይናገር፤ ኑዛዜ አለ ወይም የለም፣ ወራሾቹ እነ እገሌ ናቸው፣ ወረቀቱን እገሌ ያስወጣል፣ ፖስታ ሲመጣላችሁ አትደንግጡ። ሩቅ ላለው በስልክ ይነገረው። ከዚያ ወዲያ ዶአር ራሹሙ ይላክ።

እነዚያ እናታችን? እኔው ቤት ሆነው ለወንድማቸው ደወሉለት። «ጠበቃው ላክ ስላለኝ ነው እንጂ እኔስ ምን አውቄ» አለ። «እሺ፣ ማታ ውረድና ራስህ ንገረኝ» አሉት። ጊዜው ገና አላለፈም፤ ትዕዛዙ አልወጣም ነበር። ፖስታቸውን እንደገና በላስቲክ ጠቅልለው ሄዱ።

ለሚቀጥለው ወር ያድርሰን።